ባዶውን የማይመለስ ሳህን

ቤልጅጋዊው ኦዲሎን ተራራ ሥር ወዳለው እንግዳ ማረፊያ፣ ወደ ኢቱራልደ ቤት፣ ከመጣ ገና አራት ቀኑ ነው፤ ለቤቱ እመቤት ለኮንቼሲ ግን አራት ዓመት መስሏታል። ሰውየው ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ክፉን ሰው ሻንጣውን ደጅ አውጥቶ መሸኘት ይቻላል። ኦዲሎን ጨዋ ነው፤ ጠዋት አልጋውን ራሱ ያነጥፋል፤ ከምግብ ሲነሳ ያመሰግናል። ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ ነው። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፤ ይጠይቃል። አይቡ ለምን ጭስ ጭስ ይላል? የፖም ጠጁን ከዚያ ሁሉ ከፍታ ብርጭቆ ውስጥ የሚያወርዱት ለምንድን ነው? በሩ ላይ የተቸነከረው ደረቅ የእሾህ አበባ ምን ይሠራል? የበጎቹ ቃጭል ማታ ማታ አይፈታም ወይ? ትናንት ደግሞ ተራራውን አራት ሰዓት ሙሉ ሲወጣ ውሎ ከጉም በቀር ምንም አላየሁም ብሎ ተመለሰ፤ ጉሙ መቼ እንደሚነሳም ጠየቃት። ኮንቼሲ እንጀራዋ እንግዳ ማሳደር ነውና ፈገግ ብላ ትመልስለታለች። በሆዷ ግን ለሁሉም አንድ መልስ ብቻ ነበራት፤ ስለሆነ ነዋ።

በዚያ የኅዳር ጠዋት እስከ ክርኗ በደም ተነክራለች። አሳማው የታረደው ትናንት ነው፤ ዛሬ የቋሊማው ተራ ነው። ደም አንጀት ውስጥ ተሞልቶ ይበላል ሲባል ፊቱን የሚያጨማድድ አንባቢ ካለ አልፈርድበትም፤ እኔም እዚያ አገር የገባሁ ሰሞን እንዲያው አድርጎኝ ነበር። ባሮ ሽንኩርቱ ተቀቅሎ፣ ስቡ ተከትፎ፣ ደሙ ተማስሎ ትልቁ ድስት ይንተከተካል። የበሰለው ቋሊማ ከጣሪያው በወረደ እንጨት ላይ ተደርድሮ ያንጠባጥባል። ኦዲሎን ደግሞ ከምድጃው ጥግ በርጩማ ላይ ደብተሩን ይዞ ተቀምጧል። በዞረች ቁጥር ከጉልበቱ ጋር ትጋጫለች።

"ይሄ ሁሉ ለማን ነው?" አላት።

"ለሚበላ።"

"ሁለት ሴቶች ብቻ አይደላችሁም እንዴ?"

"ለጎረቤትም ይላካል።" ካፏ ከወጣ በኋላ ተጸጸተች።

"ለየትኛው ጎረቤት?"

ከማዕድ ቤቱ ቀጥሎ ካለው ክፍል፣ በተከፈተው በር፣ የእናቷ የሆሼፓ ድምፅ መጣ። "መጀመሪያ የሚላከው ለመጀመሪያው ጎረቤት ነው፣ ልጄ። ከዚያ በኋላ ነው ለሌላው። ድሮ፣ ሰው ሰው በነበረ ጊዜ እንደዚያ ነበር።"

"እማ፣ አርፈሽ ተኚ።"

"ከሰኔ ጀምሮ ምን እየሠራሁ ነው ታዲያ?"

እዚያ አገር የመጀመሪያ ጎረቤት የሚባለውን ሰው መርጦ የሚያገኘው የለም። ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ አብሮት ያለ ነው። ልጅ ሲወለድ ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው፤ ሰው ሲሞት ጧፍ አብርቶ ከሬሳው ፊት ፊት ቤተ ክርስቲያን ድረስ የሚሄደውም እሱ ነው። ትዋደዳላችሁ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የኢቱራልደ የመጀመሪያ ጎረቤት ከሜዳው ማዶ ያለው የሎንቾ ቤት ነው። ኮንቼሲና ሎንቾ ደግሞ እግዜር ይስጥልኝ ከተባባሉ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል።

ነገሩን ያመጣውም እንግዳ ነው። የሎንቾን ሜዳ አቋርጠው ወደ መንደሩ የወረዱ የኮንቼሲ እንግዶች የሜዳውን በር ክፍቱን ትተውት ሄዱና በጎቹ አስፋልት ላይ ወጡ። ሁለቱን የጭነት መኪና ገጫቸው። ሎንቾ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ "አባትሽ በግ ነበር የሚያረባ፤ አንቺ ሥራ ፈት ታረቢያለሽ" አላት። እሷም ወንደላጤነቱን አንስታ፣ "የኔን በር እንኳ የሚያንኳኳ አለ፤ ያንተን አንዲት ሴት አንኳኩታው አታውቅም" አለችው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በማግስቱ ሎንቾ በሜዳው በር ላይ ሦስት ዙር እሾሃማ ሽቦ ወጥሮ ጓጉንቸር ቆለፈበት።

ያ መንገድ ግን የሥራ ፈት መንገድ ብቻ አልነበረም። የኢቱራልደ ሙታን ሁሉ፣ አያትም ቅድመ አያትም፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የወረዱት በዚያ ሜዳ ነው። ሆሼፓ በሰኔ አልጋ እንደያዘች ልጇን ጠርታ አንዲት ነገር ብቻ ለመነቻት። "በሜዳው አውርዱኝ። ሎንቾ ጧፉን ይዞ ከፊቴ ይሂድ። በአስፋልቱ አልሄድም፤ እሱ የወተት መኪና መንገድ ነው።"

"ሎንቾን ከምለምን በጀርባዬ አዝዬ አወርድሻለሁ።"

"አንቺ ወገብሽን ያምሻል" አለች ሆሼፓ።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ "ሄድሽ?" ብላ ትጠይቃለች። ኮንቼሲ "አልሄድኩም" ትላለች። እናትየው አትጨቃጨቅም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ቢጨቃጨቁ ይቀላት ነበር። ሐኪሙ ገናን መድረሷን እንጃ ካለ ደግሞ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ እናትየውም ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሾርባ በቀር ምንም አልቀመሰችም። ኮንቼሲ በዚህ ሁሉ ትናደድ ነበር፦ በሎንቾ፣ በሐኪሙ፣ በእናቷ ጀርባ፣ ከሁሉ በላይ በገዛ እግሯ፤ ሁለት መቶ እርምጃ መሄድ አቅቶታልና።

እንግዲህ ያን ጠዋት ኮንቼሲ ዳሩ ሰማያዊ የሆነውን ነጭ ሳህን አወረደች። አራት ቋሊማ፣ የጉበት ቁራጭ፣ ከሽንጡ ደህና ሥጋ አድርጋ በንጹሕ ጨርቅ ሸፈነችው። ለጓደኛዋ ለፕሩደንሲ ነው። ኦዲሎንንም ከማዕድ ቤቷ ማስወጫ ጥሩ ዘዴ ሆኖ ታያት።

"ይቺን ለፕሩደንሲ ያድርሱልኝ። ድልድዩን ተሻግረው፣ ቀይ በር ያለው ቤት።"

ኦዲሎን ኒሻን እንደተሸለመ ሰው ቀጥ ብሎ ተነሳ። "ጨርቁን ማን ነው የሚያነሳው? እኔ ነኝ ወይስ እሷ?"

"ማንም ያንሳው።" በዚህ መሐል ጠዋት ድስቱ ላይ ጨው ሁለቴ መጨመሯ ትዝ አላት። ቆይ የትኛው ድስት ነበር ብላ ስትቀምስ፣ ኦዲሎን እናቷን ሊሰናበት ገባ። ሲንሾካሾኩ ሰማች፤ ካርታ ሲዘረጋም ሰማች። ያን ጊዜ ያስጨነቃት ጨው ነበር።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ውሃ ልትደፋ በመስኮቱ ብታይ የኦዲሎን ብርቱካንማ የዝናብ ልብስ በሎንቾ ሜዳ መሐል ይታያል። ከሽቦው ወዲያ። ሳህኑን በሁለት እጁ፣ አፍ እስካፉ እንደሞላ ውሃ ተጠንቅቆ ይዞታል። ከጋጣው በኩል ደግሞ ሎንቾ ጥቁር ቆቡን ግንባሩ ላይ ደፍቶ፣ ዱላውን ይዞ እየመጣ ነው። ኮንቼሲ መስኮቱን ደበደበችው፤ ማን ሊሰማት። ሁለቱ ሰዎች ፊት ለፊት ቆሙ። ሎንቾ በዱላው ጫፍ ሳይሆን በእጁ ጨርቁን ገለጠ። ረጅም ጊዜ አየ። መልሶ ሸፈነው። ከዚያ ሳህኑን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ገባና በሩን ዘጋ።

ኦዲሎን ሱሪው ከጉልበቱ በላይ ተቀድዶ፣ ፊቱ በርቶ ተመለሰ። "በጣም ጥሩ ሰው ነው" አለ።

"ማን ነው ወደዚያ ሂድ ያለህ?" እርስዎ ማለቱን ከነመኖሩ ረስታዋለች።

"እናትዎ። የቅርቡ ቤት የቱ ነው አሉኝ፤ ለካሁት። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሜትር። የፕሩደንሲ ዘጠኝ መቶ ይሆናል። መንገዱ ካርታው ላይ አለ፤ ሽቦውን ግን ካርታው አያውቀውም።"

"ምን አለህ?"

"ማን ላከህ አለኝ። ኢቱራልደ ቤት አልኩት። ሳህኑን ተቀበለኝ።"

ኮንቼሲ ደሟ ፈልቶ ወደ እናቷ ክፍል ገባች። ሆሼፓ ዓይኗን ጨፍና ታንኮራፋለች።

"እማ፣ እንዳልተኛሽ አውቃለሁ።"

"የተኛ ሰው አይቀሰቀስም" አለች እናትየው ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ማንኮራፋቷንም ቀጠለች።

ከዚያ የሳህኑ ነገር መጣ። ሞልቶ የሄደ ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ይሄን እዚያ አገር ሕፃን ያውቀዋል። ሎንቾ ግን አሳማ ማርባት ከተወ ቆይቷል። ምን ያደርግበታል? ባዶውን ቢመልሰው ስድብ ነው። ባይመልሰው ከስድብም የከፋ ነው። ቋሊማውን ለውሻው ሰጥቶት ቢሆንስ? ኮንቼሲ በአንደኛውም ቀን በሁለተኛውም ቀን ሳህን ባጠበች ቁጥር ዓይኗ ወደ መስኮቱ ይሄዳል። ኦዲሎን በበኩሉ መሄጃው ቀን ደርሶ ሳለ ሻንጣውን ፈታ። "ሳህኑን ሳላይ አልሄድም" አላት። ጠዋት "መጣ?" ይላል፤ ማታ "መጣ?" ይላል። አንዴ በማንኪያው ልትመታው ምንም አልቀራት።

ያናደዳት ግን እሱ አልነበረም። ያናደዳት መጠበቋ ነው። አባቷ የተቀበረ ዕለት ሎንቾ በዚያ ሁሉ ዝናብ ቆቡን አውልቆ ጧፉን እየከለለበት፣ ጸጉሩ ግንባሩ ላይ ተለጥፎ ከፊታቸው መሄዱ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ላለማስታወስ የታገለችው ነገር፣ ሳህን ስታጥብ መጣባት። ናፍቆት ነበር፤ ናፍቆት መሆኑም አበሳጫት።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጉሙ ሜዳውን ሸፍኖት ሳለ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማች። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ቀጭ። በመስኮቱ ብታይ ከጉሙ መሐል ሎንቾ በፒንሳ ሽቦውን እየቆረጠ ነበር። ሦስቱንም ቆርጦ፣ በጥንቃቄ ጠቅልሎ የሜዳው በር ግንድ ላይ ሰቀለው። ከዚያ ሣሩ ላይ ያስቀመጠውን ሳህን አንስቶ ወደ ቤቷ መጣ። ኮንቼሲ በሩን ከፍታ ደፉ ላይ ቆመች፤ ግባም አላለችው።

ሎንቾ ከኪሱ የጨርቅ ቁራጭ አውጥቶ ሰጣት። "ሰውዬሽ አጥሬ ላይ ሱሪውን ጥሎ ሄዷል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።"

"እኔ አልላክሁትም። የላክሁት ለፕሩደንሲ ነው።"

"አውቃለሁ። ጨው በዝቶበታል። ለኔ ብትልኪማ የሚበዛው መርዝ ነበር።"

"ታዲያ ለምን በላኸው?"

"ርቦኝ።"

ሳህኑን ዘረጋላት። የራሷ ጨርቅ ታጥቦ፣ ሳይተኮስ ተጨማድዶ ላዩ ላይ አለ። ገለጠችው። ድቡልቡል የሰም ጥፍጥፍ ነው፤ ዳቦ ያህላል፤ ቢጫ፣ ማር ማር የሚሸት። የጧፍ ሰም መሆኑን ለማወቅ ማሰብ አላስፈለጋትም። ደሟ አናቷ ላይ ወጣ።

"እናቴ አልሞተችም።"

"ሞታለች አላልኩም።"

"ለታመመ ሰው ሾርባ ነው የሚመጣ። አንተ ሰም ታመጣለህ?"

"ሾርባ አላውቅም። የማውቀው ንብ ነው" አለ ሎንቾ፣ ጫማውን እያየ። "ንብ ደግሞ አይቸኩልም። ተኛች ካሉኝ ጊዜ ጀምሮ ነው ያጠራቀምኩት።"

"ከሰኔ?"

"ከሰኔ።"

ኮንቼሲ ሳህኑን ይዛ ቆመች። በሰኔ ምንም ሳህን አልተላከም፤ ማንም ምንም አላለም። "ታዲያ ለምን ዝም አልክ?" አለችው፤ ድምፅዋ እንደፈለገችው ቁጡ አልሆነላትም።

"ማን ጠየቀኝ?"

ከውስጥ ሆሼፓ ተጣራች። "ማን ነው? ሎንቾ ነህ? ምን ይገትርሃል፣ ና ግባ። ጫማህን አራግፍ።"

ሎንቾ ጫማውን አራግፎ፣ እንደ ጥንቱ ሳያንኳኳ ገባ። ኮንቼሲ ሳህኑን ይዛ ተከተለችው። አሮጊቷ ትራሷን ተደግፋ ሰሙን በሁለት መዳፏ ተቀበለች፤ መዘነችው፤ አሸተተችው።

"ትንሽ ናት" አለች።

"ቤተ ክርስቲያን ድረስ ትበቃለች፣ እማማ።"

"በሜዳው ከሆነ ትበቃለች።"

"በሜዳው ነው" አለ ሎንቾ።

ሁለቱም ኮንቼሲን አዩ። ኮንቼሲ አፏን ከፈተች፤ አሥራ አንድ ዓመት ያጠራቀመችው ሁሉ ምላሷ ላይ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው። "ነፋስ ቢኖርስ? እንዳይጠፋ።"

"በቆቤ እከልለዋለሁ" አላት።

ሆሼፓ ሰሙን ለልጇ መለሰችላት። "ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጪው፤ አይጥ እንዳያገኘው። ቋሊማ ተርፏል?"

"እማ፣ ሐኪሙ ሾርባ ብቻ ነው ያለው።"

"ሐኪሙ ይጠጣው።"

ኮንቼሲ እየተነጫነጨች ሄዳ አንድ ቋሊማ ጠብሳ፣ በዚያው ሰማያዊ ዳር ባለው ሳህን አድርጋ አመጣችላት። ሆሼፓ በእጇ እየቆረሰች ትበላ ጀመር። ሰምቶ የመጣው ኦዲሎን ደብተሩን ይዞ በሩ ላይ ቆመ፤ ሳህኑን አየ፤ ክፍት ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ሰም አየ።

"ሰሙ ለምንድን ነው?" አለ።

ኮንቼሲ ስለሆነ ነዋ ልትል ነበር፤ አልወጣልሽ አላት። በርጩማ ስባ ተቀመጠች። "ለእናቴ ነው። ስትሄድ ከፊቷ የሚበራ።"

ኦዲሎን ጻፈ። ከዚያ ቀያሽ ነውና፣ "መቼ ነው የሚሄዱት?" ብሎ ጠየቀ።

"ቸኩለሃል እንዴ፣ ልጄ?" አለች ሆሼፓ አፏ እንደሞላ። "መንገዱ እንደሆነ ተከፍቷል። አሁን ማን ያጣድፈኛል?" የመጨረሻዋን ቁራሽ ዋጠች። "ሎንቾ እውነቱን ነው፤ ጨው በዝቶበታል።" ጣቷን ጠርጋ ሳህኑን ለልጇ ዘረጋችላት።

"እንኪ። ባዶውን እንዳትመልሺው።"