ቅርጫቱ ውስጥ ልግባ ያለችው ልጅ

ለምን ወደ እኔ ትመጣለች፣ ኧረ ወዲያ ሽሺ፣ እንደ ሁሉም ልጅ አባትሽ ጉያ ግቢ እንጂ፣ ቃጭሌን አራግፋለሁ፣ አጓራለሁ፣ አርጩሜዬን ወለሉ ላይ አጮኻለሁ፣ እሷ እቴ፣ ከጠረጴዛው ሥር ወጥታ የፍየል ለምዴን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች፣ ቤቱም በሳቅ ያውካካል። አልባን ይስቃል፣ አባትየው፣ አያችኋት ይቺን ጉድ፣ ከሰይጣን ጋር ተሻረከችላችሁ! ጋሼ ኤጊድም ይስቃሉ፣ በየዓመቱ በበዓሉ ማታ ቅዱስ ኒቆላዎስን ሆነው ከእኛ ጋር ቤት ለቤት የሚዞሩት እሳቸው ናቸው፣ የቅዱሱ ነጭ ጢማቸው ወደ ጎን ሸርተት ብሎ፣ አንገታቸው ላይ ሊወድቅ ነው፣ ያስተካክሉት እንጂ፣ ልጅ እያየ።

ላብ። ላቡ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ መጥረግ አይቻልም፣ ክራምፐስ፣ ከቅዱሱ ጋር እየዞረ ባለጌ ልጆችን የሚያስፈራራው ቀንዳም ሰይጣን፣ ልጅ ፊት ጭምብሉን አያወልቅም፣ ክራምፐስ አይናገርም፣ በዚህ ሸለቆ ይህን ያፈረሰ ሰው ከእንግዲህ ለምዱን አይለብስም። በሁለት ቀዳዳ ነው ዓለምን የማየው፣ ቀዳዳዎቹን የበሳቸው ደግሞ አልባን ራሱ፣ ጭምብሉን የጠረበልኝ እሱ ነው፣ ከጥድ፣ ጥርሱን፣ ግንባሩ ላይ ያለውን እጥፋት፣ የእጁን ሥራ አገሩ ሁሉ ያደንቃል፣ እኔም አደንቃለሁ፣ ለምን ይዋሻል።

ትዋሻለች ጋሼ ኤጊድ፣ አልባን ይህን ያለው ቅድም በር ላይ ነው፣ እንደ ወጉ፣ ወላጅ የልጁን ጥፋት ለቅዱሱ ሹክ ይል የለ፣ ለአስተማሪዋ ስሜን አጥፍታለች፣ አባቴ ይገርፈኛል ብላ፣ እኔ! ዝንብ የማልገድለውን ሰውዬ! እስቲ ዛሬ ልክ አስገቡልኝ። እኔም ጭምብሉ ውስጥ ሆኜ ፈገግ ብያለሁ፣ የልጅ ነገር ብዬ።

ለምዴን ትጎትታለች፣ አጎንብስ ማለቷ ነው መሰለኝ፣ ከቀንዴ ሥር ጆሮ ፈልጋ ታንሾካሹካለች፣ ቅርጫቱ ውስጥ ልግባ? ምን አለች? ጀርባዬ ላይ ያለው ቅርጫት የባለጌ ልጆች ነው፣ ቅርጫቱን ሲያዩ ሱሪያቸውን የሚያረጥቡ አሉ፣ እሷ ልግባ ትላለች። እጅጌዋ ወደ ላይ ሲሸሽ አየሁት። ሰንበር። ከአንጓዋ እስከ ክርኗ፣ አንዱ ጠቁሯል፣ አንዱ ገና ቀይ ነው። ወድቃ ይሆናል፣ በበረዶ መንሸራተቻው፣ ልጅ አይደለች፣ ልጅ ይወድቃል፣ አይ ፋይት፣ እላለሁ ለራሴ፣ መውደቅ የቀበቶ ዘለበት ቅርጽ አያትምም፣ ዝም በል፣ ምናገባህ፣ የሰው ቤት ነው፣ ከዚህ ቀጥሎ ሦስት ቤት ይጠብቃችኋል።

ዜንዚ፣ ልጄ፣ ይላሉ ጋሼ ኤጊድ በዚያ በቤተ ክርስቲያን ድምፃቸው፣ ከእንግዲህ ላትዋሺ ቃል ትገቢያለሽ? አለዚያ ይሄ ጥቁሩ ይወስድሻል ማለት ነው። ይውሰደኝ፣ ትላለች ዜንዚ። ሳቅ እንደገና፣ አብረውኝ መጥተው በሩ ላይ የቆሙት ሁለቱ ክራምፐሶች እንኳ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ አልባን ብቻ ሳቁን ትቶታል። ነይ ወደዚህ፣ ይላታል፣ ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ። ያኔ ወገቤ ላይ ያሉት ቃጭሎች ያቃጭላሉ፣ እኔ አልተንቀሳቀስኩም፣ እጇ ነው፣ የሷ እጅ ነው ለምዴን ይዞ የሚያንቀጠቅጠኝ። ኧረ ማን ይስማልኝ፣ ይሄን ሁሉ ጆሮ ይዘው ማንም አይሰማም?

ወጉ ይታወቃል፣ ልጁን ቅርጫት ውስጥ ትጨምረዋለህ፣ እስከ ደጅ ትወስደዋለህ፣ ያለቅሳል፣ ይምላል፣ ትመልሰዋለህ፣ ለውዝና ብርቱካኑን ይቀበላል፣ በቃ። እስከ ደጅ፣ ከዚያ አያልፍም። ቅርጫቱን አወርዳለሁ። ራሷ ትገባለች፣ አውቶቡስ እንደሚሳፈር ሰው፣ ጉልበቷን እቅፍ አድርጋ ትቀመጣለች።

ቆይ፣ ይላል የሴት ድምፅ። ሄድዊግ ናት፣ እናትየው፣ እስካሁን ከምድጃው ጥግ ትንፍሽ ያላለች፣ የልጅቷን ካፖርት ይዛ ትመጣለች፣ ጫማዋን፣ ኮፍያዋን፣ ሁሉንም ቅርጫቱ ውስጥ ትጨምራለች፣ በመንገድ ይበርዳታል ብዬ ነው፣ ትላለች እየሳቀች፣ አፏ ይስቃል፣ ዓይኗ ግን በጭምብሉ ቀዳዳዎች አልፎ እኔን ይፈልጋል፣ ያገኘኛልም። ለደጅ ለደቂቃ ጫማ ምን ያደርጋል። አወቀች። እያወቀች ኖራለች። እየለመነችኝ ነው። የወንድ ያለህ!

ቅርጫቱን አዝላለሁ፣ እወጣለሁ፣ ደጁን አልፋለሁ፣ አጥሩን አልፋለሁ፣ በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ነው፣ ከኋላዬ የጋሼ ኤጊድ ዘንግ ወለሉን ሦስቴ ይመታል፣ ተመለስ ማለት ነው፣ አልመለስም፣ ይምታ፣ እንደገና ይመታል፣ የእኅቴ ቤት ታች ከድልድዩ ማዶ ነው፣ እዚያ አደርሳታለሁ፣ ከዚያስ፣ ከዚያ እንጃ፣ ልጅ ሰረቀ ይሉኛል፣ ይበሉ።

እማዬንስ መቼ ትወስዳታለህ? ይላል ቅርጫቱ ውስጥ ያለው ድምፅ።

እግሬ ቀጥ ይላል። ሄድዊግን ከማን ጋር ትቻት ነው የምሄደው። ጋሼ ኤጊድ ካባቸውን ሰብስበው እያለከለኩ ይደርሳሉ፣ አንተ ፋይት፣ አበድክ እንዴ፣ ሰውዬው ቤት ውስጥ ጨርቁን ሊጥል ነው! ቅርጫቱን በረዶው ላይ አስቀምጬ ጭምብሌን አወልቃለሁ፣ ብርዱ ፊቴን በጥፊ ይለዋል፣ ክንዷን ይዩት ጋሼ፣ እላለሁ፣ ዝም ብለው ይዩት። ያያሉ። ከኪሳቸው የእጅ ባትሪ አውጥተው ያያሉ፣ ረጅም ጊዜ፣ ጢማቸውን ያወልቁታል። የወርቅ ካባቸውን ትከሻዋ ላይ ይጥላሉ። የቅድሙ ሳቄ ይቅር አይባልም፣ ይላሉ። እኅቴ ጋ ያድርሷት፣ ፖሊስ ይጥሩልኝ፣ እኔ እናቷን ላምጣ።

ዜንዚ ግን እኔን ነው የምታየው፣ በላብ የራሰ ፊቴን፣ የተላጨ ጺሜን፣ ያልፈራችኝ ልጅ አሁን ፈርታለች። ሰው ነህ እንዴ? ትላለች። ሰው ነኝ የኔ እናት፣ ፋይት ነኝ፣ ወተት የማመጣላችሁ። ራሷን ትነቀንቃለች፣ አይሆንም፣ አይሆንም፣ መልሰህ አድርገው፣ ሰው ከሆንክማ አባዬን አትችለውም።

እሺ፣ እላለሁ። ጭምብሉን መልሼ አጠልቃለሁ፣ ጠፍሩን አጠብቃለሁ፣ ወደ አልባን ቤት እወጣለሁ።