የተክለወልድ ሉኔት

በሴት ብቀና ወግ ነው። እኔ አበዛሽ ግን መጀመሪያ የቀናሁት በቧንቧ ነው።

አምና አንድ የሊሴ አስተማሪ ወደ ፈረንሳይ ሊመለስ ዕቃውን ሲሸጥ፣ የሰፈራችን የካርቲየ ሰባት ሰው ፍሪጅና ቬንቲላተር ተሻማ። ባሌ ተክለወልድ እስከ ደረቴ የሚደርስ ነጭ ቧንቧ ተሸክሞ መጣ። ከፊቱ የውሃ ብርጭቆ አፍ የምታህል መስታወት፣ ከኋላው ዓይን የሚያስጠጉበት ትንሽ ማያ፣ ሦስት የእንጨት እግሮችና አንድ የብረት ክብደት አለው። ከዋክብት ማያ ነው። ፈረንሳዩ «ሉኔት» ይለው ነበርና እሱም ሉኔት አለው፤ ትንሽ ቆይቶ «ሉኔቴ» ሆነ። ሠላሳ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ለእኔ አንድ የቁልምጫ ስም አላወጣልኝም።

ጣሪያችን ላይ ካለው ቴራስ ማቆሙ ብቻ አንድ ሳምንት ፈጀበት። መቆሚያው ለእነሱ አገር የተሠራ ነው። እዚያ የሰሜን ኮከብ ከፍ ብላ ትታያለች አሉ፤ እኛ ዘንድ ከጎረቤት ጣሪያ እምብዛም አትበልጥም። ወደ ኮከቧ ማነጣጠር ያለበት የመቆሚያው ዘንግ ያን ያህል አላጎነብስ ሲለው ተክለወልድ በደቡብ በኩል ባሉት ሁለት እግሮች ሥር ጡብ ያስገባል፣ ያወጣል፣ በሆዱ ተኝቶ ያነጣጥራል። ዘንጉ ኮከቧን ካገኘ በኋላ አንዲት እጀታ በጣት ማዞር ይበቃል፤ ሰማዩ ሲሄድ ቧንቧው ይከተለዋል። ይህን ሲያስረዳኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። በሠርጋችን ቀን እንኳ እንዲህ አልሆነም።

ሲደላደልለት ጠራኝ። ቧንቧው ረጅም ስለሆነ ወደ ላይ ሲቀና ማያው መሬት ሊነካ ይደርሳል፤ ዱካ ላይ ቁጢጥ ብዬ ዓይኔን ደቀንኩ።

«ጨረቃን አየሻት?»

«የራሴን ሽፋሽፍት ነው የማየው።»

እውነቴን ነበር። እሱ ግን ተበሳጨ። «ቧንቧውን አትያዥው! አትተንፍሽበት! ዓይንሽን ራቅ አድርጊ!» እያለ ሲጮህብኝ ጨረቃዋ ሾልካ ሄደች። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» አለኝ በመጨረሻ።

«እንግዲያው ልብ ያላትን ፈልግ» ብዬ ወረድኩ። ሁለተኛም አልወጣሁም።

ደግሞ ለእኔ ስለ ዓይን ማን ሊያስተምረኝ ነው? አባቴ የድሮው ባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነበር። ሞራ ዓይኑን ከደፈነው በኋላ ዘጠኝ ዓመት ትከሻዬን ይዞ በእነዚህ ጠባብ መንገዶች ቤተ ክርስቲያን ያደረስኩት እኔ ነኝ። እኅቶቼ አግብተው ሲሄዱ እኔ ጉድጓድ እየቆጠርኩ ነበር። ሞቶ በአርባው ዕለት ድካሙ ሁሉ አንድ ላይ ወጣና በሰው ፊት «ሁለተኛ ዕውር ከምመራ እግሬ ይሰበር!» አልኩ። ተክለወልድ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ሰው ሐዘኗ ነው ብሎ አለፈኝ።

ልብ ያላትን ፈልግ ያልኩት ሰው ፈልጎ አገኘ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል።

ትርንጎ የጎረቤታችን የሐዲጃ ሠራተኛ ናት። ከወሎ ነው የመጣችው፤ ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። የእኛንና የእነሱን ቴራስ የሚለየው ጉልበት የማይደርስ ግንብ ብቻ ነው። ፊት ልብስ ለማንሳት ወጥታ በአምስት ደቂቃ ትወርድ ነበር። ከታኅሣሥ ወዲህ አንድ አንሶላ ለማጠፍ አንድ ሰዓት ይፈጅባት ጀመር። እኔ ከታች ግቢው ውስጥ ሽንኩርት እየከተፍኩ ጆሮዬን አቆማለሁ።

«አየሽው?»

«አየሁት ጋሼ።»

«ስንት ናቸው?»

«አራት! ሦስቱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ።»

ከዚያ ሳቅ፣ ከሳቁ በኋላ ዝምታ። ሳቁንስ ቻልኩት፤ ዝምታው ግን አንገበገበኝ።

ሰውየው ቤት ውስጥም ተለወጠ። ከከተማው ዳር ፔካ 12 ላይ የነበረውን የትራንዚት ሥራ «ደከመኝ» ብሎ ተወ። ቴሌቪዥን ማየት አቆመ። ስልኩን እየሰጠኝ «እስቲ አንብቢልኝ» ይላል፤ ልቡ ሌላ ጋ ያለ ወንድ ለምን ያነባል? አንድ ቀን አዲስ ቀሚስ ለብሼ ፊቱ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ምንም አላለ። ለሐዲጃ ብነግራት ሳቀችብኝ፤ «ሽማግሌና ኮከብ ነው፤ ምን ትሆኛለሽ?» አለች። ሽማግሌው የእሷ ስላልሆነ ነው።

በመጨረሻ ደብተሩን ሰርቄ አየሁ። የፍቅር ቃል ፈልጌ ነበር፣ ያገኘሁት ከዚያ ባሰ። «ጥር 12። ትርንጎ የጁፒተርን አራቱንም ጨረቃዎች አየች።» «ጥር 20። የጁፒተር መቀነት ሁለት ነው፣ ትርንጎ እንዳለችው።» ትርንጎ አየች፣ ትርንጎ አለች፣ እስከ መጨረሻው ገጽ። ፊደሉም ገጽ በተገለጠ ቁጥር እየገዘፈ ሄዶ ኋላ ላይ አንዱ ቃል ብቻውን መስመር ይሞላል፤ መስመሩንም ስቶ ይንጋደዳል። እንደ ጎረምሳ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ ብዬ ደብተሩን ወረወርኩት።

ያኔ ነው ጥቁር ጨርቅ ያሰብኩት።

ረመዳን ስለነበረ ትርንጎ የምትወጣው የማፍጠሪያውን ዕቃ አጥባ ስትጨርስ ነው። ከሰዓት በኋላ ተክለወልድ ተኝቶ ሳለ፣ ለአባቴ ሐዘን የለበስኩትን ጥቁር ቀሚስ አወጣሁና ከጫፉ ክብ አድርጌ ቆረጥኩ። ቴራስ ወጥቼ ከመስታወቱ ፊት ያለችውን አፏ ክፍት የሆነች ኮፍያ ነቀልኩ፣ ጨርቁን መስታወቱ ላይ ወጠርኩት፣ ኮፍያዋን መልሼ ገጠምኩበት። ምንም አይታወቅም። ዛሬ ምን «አየሁት ጋሼ» እንደምትለው እሰማለሁ አልኩ።

የምሽቱ የመግሪብ ሶላት ተሰገደ። ሐዲጃ ቤት እንግዳ ሞልቶ የሳህን ኳኳታው አላባራም፤ ትርንጎ ቶሎ እንደማትወጣ ገባኝ። አልቻልኩም። የልብስ ቅርጫት አንጠልጥዬ ራሴ ወጣሁ።

ተክለወልድ ብቻውን ዱካው ላይ ተቀምጦ ቧንቧውን ሽቅብ አቅንቷል።

«ምን እያየህ ነው?» አልኩት ከደረጃው አፍ።

ደንገጥ አለ፤ ወዲያው ፈገግ አለ። «ጁፒተርን ነዋ።»

«ይታያል?»

«እንዴት አይታይ! ዛሬ ጥርት ብሏል። አራቱም ጨረቃዎች ወጥተዋል፣ ሁለቱ በግራ፣ ሁለቱ በቀኝ።»

ጨርቁ ወድቋል ማለት ነው ብዬ ቅርጫቱን እዚያው አስቀመጥኩ። በባዶ እግሬ ዞሬ ሄጄ ጣቴን ኮፍያዋ ውስጥ ሰደድኩ። ጨርቁ እንደወጠርኩት አለ። አውቆብኛል፣ እያሾፈብኝ ነው ብዬ ልጮህበት ስል ፊቱን አየሁት። ዓይኑን ማያው ላይ አልነበረም የደቀነው፤ ሁለት ጣት ያህል ስቶ ብረቱ ላይ ነበር። ከዚያ ቀና ብሎ ፈገግ አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ደረጃው አፍ ላይ ለተውኩት ቅርጫት።

«አበዛሽ? ወረድሽ እንዴ?» አለው ቅርጫቱን።

ያን ጊዜ ትርንጎ እጇ እንደረጠበ ግንቡን ተሻግራ መጣች። «እንዴ ጋሼ! ሳልፈልግልዎ ነው የተቀመጡት?» አለችና እኔን ስታይ ደርቃ ቀረች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት። እሱን አልጠየቅኩም።

አንገቷን ደፋች። «ከገና በፊት ጀምሮ ነው፣ እትዬ። ሞራ ነው አሉኝ። ለማንም እንዳትናገሪ ብለው በማርያም አስማሉኝ። እኔ እያየሁ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ይጽፋሉ።»

ሌላ ሴት ብትሆን እዚህ ላይ ታለቅሳለች። እኔ ብሶብኝ ቀናሁ። ውሽማው ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ የውሽማ ነገር በሌላም ሴት ይደርሳል። ይህ ግን የእኔ ነበር። የባሌ ዓይን ሲጠፋ መጀመሪያ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ እሱ ለሐዲጃ ሠራተኛ ሰጣት።

«ለምን ለእሷ?» አልኩት። «እኔ ሞቻለሁ?»

«እግሬ ይሰበር ብለሽ የለ» አለኝ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በቁጣ እንኳ አልተናገረውም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ኮፍያዋን ነቅዬ ጨርቁን አወጣሁ። «መስታወቱን በጨርቅ ሸፍኜው ነበር። ላናድዳችሁ ብዬ ነው» አልኩ።

«ሸፍነሽው ነበር?» አለና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እስከ ትናንት ፍንጥቅ የምትል ብርሃን ነበረችኝ። ዛሬ ብፈልግ ብፈልግ የለችም፤ እሷም ጠፋች ብዬ ነው የደነገጥኩት። አንቺ እንዳታውቂብኝ ነው አራት ናቸው ያልኩት።» በሕይወቴ ብዙ ክፉ ነገር አድርጌአለሁ፤ እንደዚያ ጨርቅ ያፈርኩበት የለም።

ትርንጎ ከቧንቧው ጎን በተጣበቀችው ትንሽ መፈለጊያ መነጽር አነጣጥራ ጁፒተርን አገኘችና ዱካውን ለቀቀችልኝ። ተቀመጥኩ። ቧንቧውን አልያዝኩም፣ አልተነፈስኩም፣ ዓይኔን ትንሽ አራቅኩ። መጀመሪያ ሽፋሽፍቴ መጣ፤ ከዚያ ሽምብራ የምታክል ነጣ ያለች ክብ፣ ከጎንና ከጎኗ ነጠብጣብ መብራቶች።

«ስንት ናቸው?» አለ ተክለወልድ። ድምፁ ለትርንጎ የሚያወጣው ድምፅ ነበር።

ደጋግሜ ቆጠርኩ። «ሦስት።»

«አንዱ ከኋላው ገብቷል ማለት ነው። ትርንጎ፣ እስቲ እይልን።»

ትርንጎ ጎንበስ ብላ ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ እኔን ሰረቅ አድርጋ አየችኝ። «ሦስት ናቸው ጋሼ። እትዬ እንዳሉት ነው» አለችና አንሶላዋን ሰብስባ ወደ ግንቡ ሄደች።

መልሼ ዓይኔን ደቀንኩ። ቆይቶ አራተኛው ታየኝ፤ ከክቧ ጠርዝ ጋር ሊጣበቅ ምንም ያልቀረው ቅንጣት። እሷ ይህን ሳታየው አልቀረችም። በዓይኗ ቀንቼ ሳልጨርስ በደግነቷም ቀናሁ።

«አራት ናቸው» አልኩት። «ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን። በአባቴ ጊዜ አልሆነም እንጂ ዛሬ ሞራ ይገፈፋል።»

ተነሣና እንደ ልማዱ እጁን ወደ ግንቡ ዘረጋ፤ ለካ እስከ ደረጃው የምታደርሰው እሷ ነበረች። በመሐል ገባሁና እጁን አንሥቼ ትከሻዬ ላይ አደረግኩት፣ አባቴ ይይዝበት በነበረው ቦታ። ደረጃው አሥራ አራት ነው። አንድ፣ ሁለት እያልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ እየቆጠርኩ ፊት ፊቱ ወረድኩ፤ እግሬም አልተሰበረም።