በመያዣነት የቀረ ነጎድጓድ

ሐምሌ ሦስት ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ አንድ መብረቅ ወደ ዲዛይን መሥሪያ ቤቱ መጥቶ ኢንጂነር ጽጌማርያምን ማነጋገር እፈልጋለሁ አለ። የበሩ ጥበቃ ጋሽ ቸርነት መታወቂያ ጠየቁት። አልነበረውም። ጋሽ ቸርነት በሃያ ሁለት ዓመት ሥራቸው መያዣ ሳይቀበሉ ያስገቡት እንግዳ የለም። ስለዚህ መብረቁ ነጎድጓዱን አስይዞ የእንግዳ ባጅ ቁጥር አሥራ ሰባትን ወሰደ። ጋሽ ቸርነት ነጎድጓዱን መሳቢያ ውስጥ፣ ከመንጃ ፈቃዶቹ ጎን አስቀምጠው ቆለፉበት። መዝገቡ ላይም የመጣበት ጉዳይ በሚለው ሥር “ለሥራ” ብለው ጻፉ።

ጽጌማርያም የምትነድፈው አሬስተር ነው። አሬስተር ከትራንስፎርመር አጠገብ የሚቆም፣ ቁመቱ ሰው የሚያህል የሸክላ ዓምድ ነው። መስመሩ ጤነኛ ሲሆን ይተኛል፤ መብረቅ ሲመጣ ብቻ ነቅቶ ወደ መሬት መንገድ ይከፍትለታል፤ ካሳለፈው በኋላ ተመልሶ ይተኛል። ስንት ጊዜ እንደነቃ እግሩ ሥር ያለች ትንሽ ቆጣሪ ትመዘግባለች። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ተኝቶ በመዋሉ የሚመሰገን እሱ ብቻ ነው፤ የሚተኙት ግን ብዙ ናቸው።

መብረቁ ወንበር ሲቀርብለት ተቀመጠ።

“ነሐሴ አሥራ አራት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዋርካ ሜዳ ማከፋፈያ ጣቢያ ተመድቤያለሁ” አለ። “ባለፈው ክረምት የላኩኝ ትራንስፎርመር ውስጥ ነበር። ዘይትና ጨለማ ነው። መውጫው ጠፍቶኝ ብዙ ነገር አበላሸሁ። ዘንድሮ በሥርዓት ማለፍ እፈልጋለሁ።”

ጽጌማርያም ደነገጠች። ያስደነገጣት መብረቁ አልነበረም። በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰዓት ዋርካ ሜዳ ላይ ተረኛው ኦፕሬተር አባቷ አቶ ደስይበለው ናቸው። ወንበራቸው ከትራንስፎርመሩ ቢርቅ ዐሥር እርምጃ ነው። ትራንስፎርመሩ ከፈነዳ አባቷም የሉም ማለት ነው።

ለዋርካ ሜዳ የነደፈችው አሬስተር አልቆ ነበር። የቀረው ፍተሻ ነው፤ ፍተሻው የሚደረገው ውጭ አገር ነው፤ ወረፋው ደግሞ ሁለት ዓመት ነው። ይህን ስትነግረው መብረቁ ጥቂት አሰበና፣ ፈቃደኛ ከሆኑ እኔው ልግባበት አላት። በማግስቱ ዓምዱን ጓሮ አቆሙት። መብረቁ በአናቱ ገብቶ በእግሩ ወጣ፤ ከመኪና ማጠቢያው አጠገብ ከመሬት ብቅ ብሎም ምንም እንዳልቸገረው ተናገረ። ሃያ ጊዜ ደገሙት። በየመካከሉ ዓምዱ እስኪቀዘቅዝ ሻይ ይጠጡ ነበር። ልኬቱ ከስሌቷ ንቅንቅ አላለም። ጎረቤት አልተረበሸም፤ ድምፁ በር ላይ ተይዟል። ጽጌማርያም ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ሪፖርቱን በአንድ ቀን ጽፋ ጨረሰች።

የአጽዳቂ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ልሳነወርቅ ሪፖርቱን እያገላበጡ ፈታሹ አካል የብቃት ማረጋገጫ አለው ወይ ብለው ጠየቁ። መብረቁ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ በዚሁ ሥራ ላይ መቆየቱን አስረዳ። ልምዱ በቃለ ጉባኤ ተያዘለት፤ የጽሑፍ ማስረጃ ግን እንዲያቀርብ ተነገረው። በሁለተኛው ስብሰባ ለሁለት የተሰነጠቀ የባሕር ዛፍ ግንድ ይዞ ቀረበ። ግንዱ ማኅተም ስለሌለው ተመለሰለት። ጉዳዩ ይጠና ተባለ፤ አሬስተሩም ተጠንቶ እስኪያልቅ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቶ ታሸገበት።

ጽጌማርያም መብረቁን ቀኑን እንዲያራዝምላት ለመነችው።

“እኔም የበላይ አለብኝ” አላት። “ደብዳቤ ከተጻፈ ግን ይዤ እሄዳለሁ።”

ደብዳቤው ተጻፈ። ማኅተሙ ያለው አቶ ልሳነወርቅ ዘንድ ነው፤ አቶ ልሳነወርቅ ደግሞ ስለ ፈጣን ውሳኔ አሰጣጥ የሦስት ሳምንት ሥልጠና ላይ ናቸው። መብረቁ ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። በእነዚያ ቀናት ኮሪደሩ አምፖል አላስፈለገውም። ነሐሴ አሥራ ሦስት ቀን መንገድ ይርቀኛል ብሎ ተነሣ። የወጣው በመስኮት ስለነበር ባጁን አልመለሰም። ጋሽ ቸርነት በዚህ በጣም ቅር አላቸው።

ጽጌማርያም አባቷ ዘንድ ደወለች። አቶ ደስይበለው ስልክ ሲያነሱ ከመናገራቸው በፊት ሁልጊዜ ጉሮሯቸውን ሁለት ጊዜ ይጠራርጋሉ። ያን ቀንም እንደዚያው አደረጉ።

“አባዬ፣ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚያ መብረቅ ይመጣል፤ ከሥራ ቅር። አመመኝ በል።”

“ማንን ተክቼ?”

“ማንም አይተካህ። ዕቃዬ አልደረሰም።”

“እኔ የዕቃሽን መቆሚያ ኮንክሪት አስሞልቼ፣ ቡሎኑን አሳስሬ፣ ቆጣሪዋን ሳይቀር ተክዬ ነው የምጠብቅሽ። ሠላሳ አራት ዓመት ተራዬን ጥዬ አላውቅም፣ ጽጌ። ቦታውን ባዶ አልተውም።”

በማግስቱ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈረች። ወንዙ ድልድዩን አጥለቅልቆት ሁለት ሰዓት ቆሙ። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከኮረብታው ማዶ ሰማዩ ነጭ ሆነ። ተሳፋሪው ሁሉ ድምፁን ጠበቀ። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ጆሯቸውን በጣታቸው ደፍነው ቆዩና፣ ምንም ሳይሰማ ሲቀር ጣታቸውን አወጡ።

ዋርካ ሜዳ ስትደርስ ትራንስፎርመሩ ደህና ነበር። የከተማው መብራት ለአፍታ እንኳ አልጠፋም። የአባቷ ወንበር ባዶ ነው፤ ኮታቸው ተሰቅሏል። ጫማቸው ከመቆሚያው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ ካልሲው ግራው ውስጥ ታጥፏል፤ ቀኙ ውስጥ ባጅ ቁጥር አሥራ ሰባት አለ። አቶ ደስይበለው ኮንክሪቱ ላይ ባዶ እግራቸውን፣ አንድ እጃቸውን ወደ መስመሩ ዘርግተው፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ቆጣሪዋ አንድ ትላለች። መስመሩ ጤነኛ ስለሆነ ተኝተዋል። ጽጌማርያም ጠራቻቸው፤ አልነቁም። መስመሩ ኃይል ስላለው ልትነካቸው አልቻለችም፤ ይህን ደንብ በልጅነቷ ያስተማሯት ራሳቸው ናቸው። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

በሚቀጥለው ሳምንት ኮሚቴው አሬስተሩን አጸደቀ። ዋርካ ሜዳ በአሁኑ ጊዜ ክፍት ቦታ ስለሌለ ለሌላ ጣቢያ ተመደበ።

ጽጌማርያም ባጁን ለጋሽ ቸርነት መለሰች። ጋሽ ቸርነት መዝገቡ ላይ ቁጥር አሥራ ሰባትን ፈልገው ሰረዙና መሳቢያውን ከፈቱ።

“ባጁን የመለሰ መያዣውን ይወስዳል” አሏት። “እዚህ ጋ ፈርሚልኝ፣ ልጄ።”

ፈረመች። ነጎድጓዱ አዲስ የወጣ ዳቦ ያህል ይሞቃል። እንደ ስልክ ጆሮዋ ላይ አስጠጋችው። ውስጡ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ሁለት ጊዜ ጠራረጉ።