ጭስ የጠጣ ወተት

በሰርግ ዳስ ውስጥ የተወራ ነው ተብሎ አይናቅ፤ ቅንጣት ውሸት ካለበት አባያ ከነአዞው ይዋጠኝ።

የላንቴው ኤርጫፎ ከወተት ኩባንያ ጋር ተዋውሎ የፈረንጅ ላም ወሰደ። ላም ማለት ብቻ አይበቃም፤ ስትቆም ጥላዋ ግማሽ የሙዝ እርሻ ይሸፍናል፤ ስትታለብ ጎረቤት ዝናብ መጣ ብሎ ልብሱን ከገመድ ያነሳል። ውሉ ግን ቀልድ አያውቅም፦ ወተቱ ለኩባንያው ብቻ ይገባል፤ ሁለቴ ተበላሽቶ ከተመለሰ ላሟም ትመለሳለች።

አንዴ ሙቀቱ አኮምጥጦት ተመልሶበታል። ሚስቱ ዘቢደር ዳግም እንዳይኮመጥጥ ብላ፣ እናቷ እንዳስተማረቻት ጣሳውን በወይራ አጠነችው። ማጠን ስላችሁ፣ ምዕራብ አባያ ያሉ ሰዎች ጭሱን አይተው የማን ቤት ተቃጠለ ብለው ሰው ልከዋል።

ኤርጫፎ የኩባንያው ወተት መረከቢያ ደጃፍ ተሰልፎ ክዳኑን ገለጥ ሲያደርግ ሽታው አፍንጫውን መታው። ኩባንያው የታጠነ ዕቃ እንደማይቀበል በስብሰባ ተነግሮት ነበር፤ ለዘቢደር ግን ትንፍሽ አላለም። ይዞ እንዳይመለስ፣ ወተት ያላስረከበም ውል አፍራሽ ነው። ከፊቱ ያሉት እያስረከቡ ወጡ፤ ሰልፉ እያጠረ መጣ፤ ላቡ የአባያን ውኃ በክንድ ከፍ አደረገው።

ተረካቢዋ ፌቨን፣ በቅርብ የተመረቀች ልጅ፣ ወደ ጣሳው ጎንበስ ብላ አሸተተች።

«ጋሼ፣ ይሄ ጭስ አይደለም?»

«የቤቴ ጠረን ነው፣ ልጄ። መጀመሪያ ቅመሺው፤ ከዚያ እንደ ልብሽ።»

ቀመሰች። ደገመች። ሥራ አስኪያጁን ጠራች፤ እሱም ጠጣ፤ ሾፌሩም ጠጣ፤ ጣሳው ደረቀ። ሥራ አስኪያጁ እንባውን እየጠረገ ውሉን ቀደደና ላሟን ለኤርጫፎ መርቆ ሰጠው። እልልታው አርባ ምንጭ ድረስ ተሰማ።

ወሬዬ እዚህ ሲደርስ ሰርገኛው በሳቅ ፈነዳ። ከዳሱ ጥግ ሽንኩርት ስትልጥ የነበረች ሴት ግን ቢላዋዋን አስቀመጠች። ዘቢደር ነበረች።

«አልቀመሰችውም፣ ወንድሜ» አለችኝ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «አሸተተችና መለሰችው። ላሟን መኪና ላይ ሲጭኑ ገመዷን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። እሱ ከቤት አልወጣም።»