እሾሁን ያነሳሁ ቀን

«ባላምባራስ» ስትሉኝ ደስ የሚለኝ ይመስላችኋል። ተዉኝ እባካችሁ! ማዕረጉን የሰጠኝ ጣሊያን ነው፤ ዋጋውን የከፈለው ግን የመንደሬ ከብት ነው። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በየካቲት፣ ደስታ የምንለው የከብት ቸነፈር ከወደ ደምበጫ ተሰማ። እኔ ያኔ ከሮብ ገበያ በላይ ላለችው መንደራችን ጭቃ ሹም ነበርሁ። በእኛ ዘንድ የከብት በሽታ ሲመጣ የመንደሩ መግቢያ በእሾህ ይዘጋል፤ ከብት አይወጣም፣ አይገባም። እሾሁን የሚያስቀምጠውም የሚያነሳውም ጭቃ ሹሙ ነው። እሱ ካነሳው በሽታው አልፏል ማለት ነው፤ ሌላ ምስክር የሚጠይቅ የለም።

እሾሁን ባስቀመጥሁ በሦስተኛው ቀን ሐምዱ መጣ። ሐምዱ የደጀን ነጋዴ ልጅ ነው፤ ከጣሊያኑ የከብት ሐኪም ጋር ሠርቶ ሙያውን ተምሮ፣ ያኔ ለጣሊያን መንግሥት የገበያ ከብት ይመረምር ነበር። ገበያ የወጡትን ከብቶች አንድ በአንድ ትኩሳታቸውን ሲለካ፣ አፋቸውን ከፍቶ ሲያይ ዋለ። ወደ እኔ ሲመጣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

«አያ እንዳላማው፣ ደስታ ገበያው ውስጥ ገብቷል። ዘጠኝ ከብት አግኝቻለሁ። ገበያው ሃያ አንድ ቀን ይዘጋ፤ እርስዎም እሾሁን እንዳያነሱ።»

«በምን አወቅህ?»

«ለክቼ፣ ቆጥሬ። ከፈለጉ ይምጡና በዓይንዎ ይዩት።»

ሄጄ አየሁ። የአንዲት ጊደር ድድ ቆስሎ ለሃጯ ይዝረከረካል፣ ዓይኗ ያነባል። አየሁ እኮ! ሳያይ የሳተ ሰው ምሕረት አለው፤ እኔ ግን አይቻለሁ።

የጣሊያኑ ሻምበል በአስተርጓሚ አስጠራን። «ገበያ ተዘጋ ከተባለ ሽፍታ አሸነፈ ተብሎ ይወራል። በሚቀጥለው ሳምንት ትልቅ ሹም ይመጣል፤ አገሩ ሰላም መሆኑን ማየት አለበት። በሽታ የለም ብለህ ፈርም» አለው ሐምዱን። ሐምዱ ወረቀቱን አየና መለሰለት። «እኔ ብፈርም በሽታው ፊርማ አያነብ፣ ምን ይጠቅማል?» አለ። በዚያው ዕለት ከሥራው አባረሩት፤ በባንዳ እያስነዱ በእግሩ ወደ ደጀን ሰደዱት።

ሻምበሉ ወደ እኔ ዞረ። አልመታኝም፣ አላሰረኝም። ምነው ባሰረኝ ኖሮ! በገበያተኛው ፊት ጥቁር ካባ ትከሻዬ ላይ ጣለና «ባላምባራስ እንዳላማው» ብሎ ጠራኝ። አባቴ ያላገኘው ስም! ደረቴ ተነፋ። ምን ይዋጠኝ፣ ለአንድ ካባ! ሄጄ እሾሁን በገዛ እጄ አነሳሁት። «ንዱ እንግዲህ፣ ገበያ ነው» አልሁ።

ከሁሉ ቀድማ የነዳችው ጎረቤቴ ሥራነሽ ነበረች። ባሏ ሞቶባት በሁለት በሬ እያሳረሰች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። «አንዱ በሬዬ አርጅቷል፣ በወይፈን ልለውጠው ነው። እርስዎ ካነሱት መቼም ምን ያስፈራኛል?» ብላኝ አለፈች። አፌ ውስጥ ምላስ አልነበረም ወይ? ፀሐይ ሳትጠልቅ ወይፈኗን እየነዳች፣ እየሳቀች ተመለሰች።

የራሴን ከብት ግን አላስወጣሁም። ይህን ስናገር ፊቴን ወዴት እንደማዞር አላውቅም። «እረኛው አሞታል» ብዬ ጋጣ ውስጥ ዘጋሁባቸው፤ ሣር እያስታጨድሁ እዚያው አበላኋቸው።

በመጋቢት መጨረሻ መንደሩ በጥንብ ሸተተ። የሥራነሽ ወይፈን ሞተ፤ በሳምንቱ ቤት የቀረው በሬዋ ተከተለው። በየደጁ ዋይታ ሆነ። የእኔ በሬዎች ብቻ ቆሙ። ሰዉም «እግዜር የሚወደው ሰው ነው» አለ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ካመነኝ ሰው ደጃፍ ቆረጥሁ።

በግንቦት ዝናብ ሲጥል ሥራነሽን ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር ማሳዋን በዶማ ስትቆፍር አገኘኋት። ቀና ብላ እጅ ነሳችኝ።

«ባላምባራስ፣ ያ ሐምዱ የሚሉት ያን ጊዜ ምን ብሎ ነበር? ሰው ‹በሽታ አለ ብሎ ነበር› ይላል። እኔ አላመንሁም። ብሎ ቢሆንማ እርስዎ ይነግሩኝ ነበር።»

«እኔ እንጃ» አልኋት።

«እኔም ይህንኑ ነው ያልኋቸው» አለችና ዶማዋን አነሳች።

በሬዎቼን ላውሳት ፈልጌ ነበር፤ እሱንም አፈርሁ። የእርስዎ እንዴት ተረፉ ብትለኝ ምን እላታለሁ? ትቻት ሄድሁ። የዶማዋ ድምፅ እስከ ቤቴ ተከተለኝ።

አሁን እሷም አፈር ሆናለች። ሃያ አንድ ቀን ብሎ ነበር፣ ሥራነሽ። ነግሮኝ ነበር።