አሮጊቷ አልነሳም አለች

ከዋሸሁ ምላሴ ይታሰር፤ የምነግራችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ያላመነኝ ጋራዡ ድረስ ሄዶ ይጠይቅ። በሩ ሁሌም ክፍት ነው፤ መዝጊያው ስለተበላሸ።

ፀጉር አስተካካዩ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ስለሚውል፣ ማታ ማታ እግሮቹን በውሰት እንደመጣ ዕቃ ቀስ አድርጎ ነበር አልጋው ላይ የሚያስቀምጣቸው። ድካሙ ግን የሥራ ብቻ አልነበረም። እናቱ ወድቀው ዳሌያቸው ከተጠገነ ወዲህ ለሕክምና የሚያመላልሳቸው እሱ ነው። የሚሄዱባት ታክሲ ደግሞ መሬት ለመሬት የምትሄድ ትንሽ ነገር ናት። እናቱ ጎንበስ ብለው ሲገቡባት የሚያሰሙት ድምፅ የእሱን ወገብ ይሰብረዋል። በመጨረሻ «በቃኝ፣ በዚች ሣጥን ሁለተኛ አልሄድም» ብለው አልጋቸው ላይ ቀሩ። ሐኪሙ ካልተራመዱ እግራቸው እንደዚያው ይደርቃል ብሏል።

ስለዚህ መኪና ገዛ፤ ትልቅ፣ አሮጌ የመስክ መኪና። ወንበሯ ከፍ ያለ ነው፤ ሰው ቆሞ ጀርባውን ሰጥቶ ተንሸራቶ ይቀመጥባታል። ዝገቷ ከቀለሟ ይበልጣል፤ አንዱን በር ሲዘጉት ሌላው ይከፈታል። ሻጩ «ብረት ናት» አለው። አልዋሸም፤ ከብረትነት በቀር ሌላ ነገር አልነበራትም።

መኪናዋን ያስገባበትን ጋራዥ መካኒክ ሰፈርተኛው «ዶክተር» ነው የሚለው፤ ረጅም ብረት ጆሮው ላይ ደግኖ ሞተር ስለሚያዳምጥ። ዶክተርም በተራው መኪናዋን «አሮጊቷ» አላት። ፀጉር አስተካካዩ መቁረጫው በእጁ እየጮኸ ስልክ ስለማይሰማ፣ ካጣኸኝ ብሎ የእህቱን ቁጥር ሰጠው። መኪና መግዛቱን ግን ለእህቱ አልነገራትም። ለቁጣዋ የሚሆን ጉልበት አልነበረውም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ስልኳ ጮኸ።

«ዶክተር ነኝ። ወንድምሽን አጣሁት። ስለ አሮጊቷ ነው።»

«ምነው፣ ደህና አይደለችም?»

«ምን ደህንነት አላት ብለሽ። ከጠዋት ጀምረን ሞከርናት፤ አልነሳም አለች። ትንፋሽም የላት። እንግዲህ መጥታችሁ አንሱልኝ፣ ቦታ ይዛብኛለች።»

እህትየው ወንድሟ እናታቸውን ማልዶ ሕክምና የወሰዳቸው መሰላት፤ አንድም ለእናቷ፣ አንድም ለአነጋገሩ አለቀሰች። «የተማረ ሰው» አለች ለባሏ፣ «በሞቷ ቀን እንኳ አንቱ አይላትም?» ወንድሟ ስልኩን አላነሳ ሲል ባሏን ላከች።

ፀጉር አስተካካዩ የአንድ ደንበኛ ፂም ግማሹን ላጭቶ ነበር። የእህቱ ባል በሩ ላይ አንገቱን ደፋ።

«በርታ» አለው።

«በምን?»

«እናታችን…»

ምላጩን አስቀመጠ። ሮጠ እንዳልላችሁ እግሩ ሩጫ አልነበረውም፤ ሄደ። መኪናዋን ቀደም ብዬ ባሠራት ኖሮ እያለ ሄደ። ደንበኛውም ጨርቁ አንገቱ ላይ እንዳለ ተከተለው፤ በግማሽ ፂም የት ይግባ?

የእናቱ ቤት ሲደርሱ እህትየው ለልቅሶ መጥታ ከጎረቤት ጋር በሩ ላይ ታለቅሳለች። በሩ ከውስጥ ተከፈተ። እናትየው ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል።

«ማነው የሞተው?» አሉ። «በሬ ላይ ይህ ሁሉ ሰው ሲያለቅስ፣ እኔ ብቻ ሳላውቅ ልቅር?»

እህትየው ተጠመጠመችባቸው። «ዶክተሩ ደውሎ፣ አሮጊቷ አልነሳም አለች…»

ፀጉር አስተካካዩ እዚያው ቁጢጥ አለ። «መኪናዋን ነው» አለ።

«የምን መኪና?»

ያኔ ሁሉም ነገር ወጣ። እናትየው እስከ መጨረሻው ሰሙና «ውሰዱኝ» አሉ። «በእኔ ስም የሞተችውን ልያት።»

ጋራዡ ሁለት አጥር አልፎ ነው። በልጃቸውና በአማቻቸው ክንድ ተደግፈው፣ እህትየውና ደንበኛው ተከትለዋቸው ደረሱ። ዶክተር ነገሩን ሲሰማ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር፤ ንጹሕ ከሆነ በኋላም አላቆመም።

«እማማ፣ መኪና እኮ አንቱ አይባልም» አለ።

«ዕድሜዋን አታይም? እኔንስ ‹ተነሺ› ብሎ የሚጎነትለኝ ቢኖር እነሳ መሰለህ?»

ዶክተር መሪው ጋ ገባ። ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እባክዎ፣ ይነሱ» አለና ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ ሳለች፣ ደግማ ሳለች፣ ተነሳች። ጭሷ የደንበኛውን የተላጨ ጉንጭ አጥቁሮ ከሌላው ጋር አስተካከለው።

እናትየው ጀርባቸውን ለወንበሩ ሰጥተው ተንሸራትተው ተቀመጡ። አንዲት ድምፅ አላሰሙም። «በዚች ከሆነ ነገም እሄዳለሁ» አሉ። ልጃቸው በዶክተር ቦታ ገብቶ አያቸውና ሳቀ።

እንግዲህ አንዲት ነገር ከራሴ ጨምሬያለሁ። መኪናዋ በ«እባክዎ» መነሳቷን አይደለም፤ እሱ እውነት ነው። ሳቁ ነው የእኔ። ሰውየው አልሳቀም፤ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ እንቅልፍ ወሰደው። እህቱ ልትቀሰቅሰው እጇን ስትሰድ እናትየው ያዟት።

«ተዪው» አሉ። «ይሄ ደግሞ ዛሬ አይነሳም።»