ሚስተር ይማም

«ስምንተኛ ክፍል ላይ የቀረ ሰው ነው ቢባል ማን ያምናል?» አሉ ጋሼ እምሩ የሻይ ብርጭቋቸውን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው። «እኔ ሠላሳ ዓመት ዩኒቨርሲቲ አስተምሬ ለገዛ ልጄ አልጀብራ ማስረዳት አቅቶኛል። ባህረዲን ግን ልጁን እቤቱ አስተምሮ ለዲፕሎማ አደረሳት። አላህ ይዘንለት።»

ለቀስተኛው ራሱን ነቀነቀ። የሟች ታናሽ ወንድም ኸድርም ፈገግ አለ፤ ማሽላ እያረረ ይስቃል።

አሜሪካ፣ ሳን ሆዜ፣ ሟች ወንድሙ ሳሎን ውስጥ ሲቀመጥ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሦስቱንም ቀን ይህንኑ ሲሰማ ሰነበተ። ሚኒስትሪን እኮ ደሴ ላይ፣ አንድ ክፍል ተቀምጠው፣ እኩል ነው የወደቁት። በኋላ ባህረዲን ልጁን እቤት ለማስተማር፣ የአገሩ ሕግ እንደሚፈቅደው፣ ቤቱን የግል ትምህርት ቤት ብሎ አስመዘገበና ፎርሙ ላይ «ዳይሬክተር» በሚለው ቦታ የራሱን ስም ጻፈ። ከዚያ ወዲያ ሰዉ ሁሉ «ዳይሬክተራችን» ይለው ጀመር። ኸድር ፍሩትቬል ሰፈር ጎማ ቤት ውስጥ ዐሥራ አንድ ዓመት ሲንበረከክ ማን ምን ብሎታል?

ከሁለት ዓመት በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ የወንድሙን ልጅ ሳምራን መኪና ሥራ ያስተምር ነበር። ዘይት መቀየር፣ ካንዴላ መፍታት፣ ጎማ ማውረድ። አንድ ቀን ፍሪጁ ላይ የተለጠፈ የውጤት ወረቀት አየ፤ «አውቶ ሾፕ፣ አምስት ክሬዲት፣ መምህር፦ ሚስተር ይማም» ይላል። ይማም የሁለቱም አባት ናቸው፤ እዚህ አገር ደግሞ ሁለቱም የሚጠሩት በአባታቸው ስም ነው።

«በግሪስ የጠቆረው የኔ እጅ፣ ሚስተሩ እሱ» ብሎ ወጣ። አልተመለሰም። ስልክም አላነሳም። መስጊድ በር ላይ ግን «አባት ፈርሞ የሚሰጠው ዲፕሎማ ምኑ ዲፕሎማ ነው?» እያለ ሲያወራ ከረመ።

የወንድሙ ሚስት ዓፊፋ ከኪችኑ በር ሆና ጠራችው። ሳምራ ፎልደር ይዛ አጠገቧ ቆማለች።

«አጎቴ፣ ኮሌጁ ፋይናል ትራንስክሪፕት ለመንዴይ ይፈልጋል። ማሚ ሳይን ታደርጋለች። ዋን ግሬድ ብቻ ነው የቀረኝ።»

«አባትሽ ለምን አልሞላውም?»

«ያንተ ክላስ ስለሆነ።»

ገጹን ዘረጋችለት። ሒሳብ፣ መምህር፦ አባት። ታሪክ፣ መምህር፦ አባት። ባዮሎጂ፣ መምህር፦ እናት። አውቶ ሾፕ ሁለተኛ ሴሚስተር፣ መምህር፦ ሚስተር ይማም። ውጤት፣ ባዶ። ያኔ ከአንዷ መስመር ሌላ አላነበበም ነበር።

«ሚስተሩ... እኔ ነኝ?»

«ሌላ ማን አለ?» አለች ዓፊፋ። «‹ዳይሬክተሩ አንተ፣ ደንቡ ያንተ፣ ሙላውና ይለፍላት› ብዬ ባህረዲንን ስንቴ ለመንኩት። ‹ያላስተማረ ሰው ውጤት አይሰጥም፤ ሚስተር ይማም ይመጣል› ይለኛል። ቆይ፣ ሚስተሩ ማን መስሎህ ነው ሁለት ዓመት የቀረኸው?»

ሞቶም በለጠኝ፣ አለ ኸድር በሆዱ።

«በል ኤ ብለህ ጻፍላት» ብላ እስክሪብቶ ሰጠችው።

«ያላስተማርኩትን?» እስክሪብቶውን መለሰላት። «ምን ላይ ነበር ያቆምነው ሳምራ?»

«ብሬክ። አየሩን ማውጣት። ለብቻ አይሠራም፣ ቱ ፒፕል ይፈልጋል ብለኸኝ ቀረህ።»

በለቀስተኛው መካከል አልፈው ወጡ። ጋሼ እምሩ «ወዴት ነው?» ቢሉት፣ «ክላስ አለኝ» አላቸው።

የባህረዲን መኪና ጋራዥ ውስጥ ቆማለች። ሳምራ የኋላውን ጎማ አውርዳ፣ መፍቻዋን ይዛ ተንበረከከች። ኸድር ፍሬኑን ሊረግጥላት ከመሪው ኋላ ገባ። ባህረዲን አጭር ስለነበር ወንበሩ ወደፊት ተጠግቷል፤ ጉልበቱ ከመሪው ጋር ተላተመ። እጁን ወደ ወንበሩ መግፊያ ሰደደ፣ ያዘው፣ ወንበሩን ባህረዲን እንደተወው ትቶ ለቀቀው።

«ርገጥ» አለችው ሳምራ ከታች።

ጉልበቱን እንዳጠፈ ረገጠ።